የማይበላ ሽንኩርት አተካከል

፩

አይበላም።


፪

ሰዉ ስላልገባው እንደገና እንጀምር። አይበላም ማለት አይከተፍም፣ አይቁላላም፣ ለወጥም ለአልጫም አይሆንም። ሽንኩርት ነው፤ ግን ለአበባው ነው የሚተከለው። አቶ ልሳነወርቅ ይህን ለመንደሩ ሰው ከጥቅምት ጀምሮ ሲናገር ኖረ። ሰዉም አንገቱን እየነቀነቀ ሰምቶ ሰምቶ፣ በመጨረሻ "ታዲያ መቼ ነው የሚደርሰው?" ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም አፍንጫውን ነፍቶ ወደ ግቢው ይገባል።


፫

አቶ ልሳነወርቅ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነው። የሚኖረው ደብረ ብርሃን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለት ላይ በተሠራ መንደር ነው። በዕድሜው አንቱ መባል ነበረበት፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንልህም ብለነዋል። በሥራ ዘመኑ ከየክፍሉ ኋላ ተቀምጦ የመምህር ስሕተት ሲለቅም ኖሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ለቀማውን አልተወም፤ ከመምህር ወደ ጎረቤት ዞረ እንጂ። የእገሌ አጥር ጠማማ ነው፣ የእገሊት ልጅ ሰላምታ አያውቅም፣ የዚህ አገር ሰው ዓለምን የሚለካው በድስቱ ነው። እንዲህ ሲል ይውላል። እሱን ማን ይለካው እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም።

ሚስቱን ወይዘሮ ሸዋረገድን ግን አንቱ እንላቸዋለን፣ ደስ ብሎን። በመንደሩ እሳቸው አራስ ያልጠየቁበት፣ በሽተኛ ያላስታመሙበት፣ ለቅሶ ያልደረሱበት ቤት የለም። እንዴት ተጋቡ ብለህ እንዳትጠይቀን፤ እኛም አልገባንም።


፬

መመሪያ

የወንድምህ ልጅ ከሆላንድ የላከችልህን የሽንኩርት ራሶች ተቀበል። ክረምቱ አልፎ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ትከል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ደልደል ያለ ቦታ ምረጥለት። ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ቆፍር፤ ሹሉን ወደ ላይ አድርገህ ቅበረው። ውርጭ አትፍራለት። ባቄላውን በአንድ ሌሊት የሚያነድደው ውርጭ ይህን ያጠነክረዋል፤ እንዲያውም ብርድ ካልመታው አያብብም። ከቀበርከው በኋላ ተወው። ማንንም አይፈልግም።

አቶ ልሳነወርቅ ከዚህ ሁሉ የወደደው የመጨረሻውን ነው።


፭

ሜዳው

መንደሩ ተዳፋት ነው ብለናል። ከላይ እስከ ታች ብትወርድ ሜዳ የሚባል ቦታ አንድ ብቻ ታገኛለህ፤ እሱም ከአቶ ልሳነወርቅ ቤት ፊት ለፊት ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነበር። ይህን የወሰነ ስብሰባ የለም። ድንኳን ቁልቁለት ላይ አይቆምም፣ አግዳሚ ወንበርም ዳገት አይወድም፤ በቃ። የላይኛው ሰው ሞተ የታችኛው፣ ለቀስተኛ የሚቀመጠው ሜዳው ላይ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድም በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ውሃ ሲያቀርቡ፣ ደካማ ሲያስቀምጡ፣ ከሐዘንተኛው እኩል ሲያለቅሱ ይውላሉ።

ከዚያ ካርታ መጣ። ሜትር ጎትተው ሲለኩ ሜዳው የአቶ ልሳነወርቅ ይዞታ ሆኖ ተገኘ። ልክ ነው፣ የሱ ነው። ማንም አልተከራከረውም፤ አንተም፣ አንባቢ፣ አትከራከረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ቤት ደግሞ ሁለቱ ተገናኙ።

ሽቦ አጠረ።

አፈሩን ገለበጠ።

ቀበረ።


፮

ወይዘሮ ሸዋረገድ በለሆሳስ ጠየቁት። ጓሮ አለን አይደል፣ ለምን ጓሮ አትተክለውም አሉት። ጓሮው ጥላ ነው፣ ሽንኩርቱ ፀሐይ ይወዳል አላቸው። ሰው ቢሞትስ አሉት። ሌላ ቦታ ይትከሉ አለ። የት ቢሉት፣ እኔ የእድር ድንኳን ተካይ አይደለሁም ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ።


የግርጌ ማስታወሻ ለቁጥር ፮፦ ሌላ ቦታ የለም። ቦዩ ዳር ብቻ ነው ያለው። ቦዩ የመንደሩን እጣቢ ሁሉ ይዞ የሚወርድ ነው፤ በበጋም አይደርቅም፣ ሽታውም በዓል አይለይም።


፯

በጥር እማማ ደብሪቱ ሞቱ። ከአቶ ልሳነወርቅ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩ መበለት ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ሲወልዱ ያረሷቸው፣ ልጁም በሕፃንነቱ ሲሞትባቸው አብረዋቸው መሬት የተኙ እሳቸው ናቸው። እማማ ደብሪቱ አንድ ልጅ አላቸው፤ ሽፈራው ይባላል፣ ጋራዥ የሚሠራ ጎልማሳ ነው።

ጥሩምባ ተነፋ። የእድሩ ሰዎች ቋሚና ሸራ ተሸክመው መጡ። እግራቸው የለመደው ወደ ሜዳው ነውና ሽቦው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።


፰

ቃለ ጉባኤ
(የጻፈው ሰው የለም፤ መንደሩ ግን በቃሉ ያውቀዋል)

አቶ ጥላዬ፣ የእድሩ ዳኛ፦ ለሦስት ቀን ብቻ ነው፣ አቶ ልሳነወርቅ። ሽቦውን ራሳችን ፈትተን ራሳችን እንመልሳለን።

አቶ ልሳነወርቅ፦ ከሥሩ ሽንኩርት አለ።

አቶ ጥላዬ፦ እናውቃለን።

አቶ ልሳነወርቅ፦ ጫፉ ብቅ ብሏል። ሰው ከረገጠው አለቀ።

ሽፈራው፦ ጋሼ፣ እናቴ ናት።

አቶ ልሳነወርቅ፦ እግዚአብሔር ያጥናህ። መሬቱ ግን የኔ ነው።

(ቋሚ የተሸከሙት ትከሻ ይቀይራሉ)

አቶ ጥላዬ፦ ነግ በኔ ነው፣ አቶ ልሳነወርቅ።

አቶ ልሳነወርቅ፦ የኔን ነገ ለኔ ተዉልኝ።


፱

ቦዩ ዳር ተከሉት።

ተከሉት ማለት ይቻል እንደሆነ እንጃ። አንደኛው ቋሚ ሲቆም ሌላው ይወድቃል። ድንጋይ ከሥሩ አደረጉ፣ ገመዱን ከባሕር ዛፍ አሰሩ፣ ሽፈራው ራሱ የእናቱን ድንኳን በትከሻው ደግፎ ቆመ። አግዳሚው ወደ ቦዩ ያዘነበለ ስለሆነ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። አንድ ሽማግሌ ተንሸራተው የጎረቤታቸው ጭን ላይ ሲቀመጡ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎስጉሰው ሳቁ። ለቅሶ ላይ ተሳቀ። እማማ ደብሪቱ ይህን ያህል በደሉ?

ወይዘሮ ሸዋረገድ ሦስቱንም ቀን እዚያ ተቀመጡ። የጥር ብርድ ከላይ፣ የቦዩ እርጥበት ከታች። ባላቸው ደግሞ ሽቦው ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ የበቀለውን በጣቱ እየለካ፣ ጀርባውን ለድንኳኑ ሰጥቶ ዋለ። ለቅሶ ደርሷል እንዳይባል አልደረሰም፤ አልደረሰም እንዳይባል ደግሞ ከዚያው ይታያል።

በሰልስቱ ማግሥት ወይዘሮ ሸዋረገድ ማሳል ጀመሩ።


፲

ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። መንደሩ ቦዩ ነው አለ። አቶ ልሳነወርቅ ተራ ብርድ ነው አለ።

ብርድ።

ያ ሽንኩርቱን የሚያጠነክረው።


፲፩

መንደሩ ጻድቅ ነው ያለ ሰው የለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እነሱም አንጀት አያርሱም። ከጥር በኋላ አቶ ልሳነወርቅን ሲያዩ ከወገባቸው እጥፍ ብለው እጅ መንሣት ጀመሩ፤ ለጳጳስ እንኳ እንዲያ አይጎነበሱም። ካለፈ በኋላ በሳቅ ይገፈታተራሉ። አንዷ በሽቦው ላይ ባዶ ድስት ሰቅላበት ሄደች። ሌላው በየጠዋቱ እየቆመ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ሽንኩርቱ እንዴት አደረ ይለዋል፤ ሚስትዎስ እንዴት አደሩ አይልም። አስታማሚ ሆነው ሲመጡ ግን በጓሮ በር ነበር የሚገቡት፤ የፊቱን በር እንደ ሌባ ቤት ዞረው ያልፉታል።

እሱ ይህን ሁሉ የመሃይም ቅናት ነው ብሎ ተረጎመው። ሱፐርቫይዘር ነው፤ መተርጎም ያውቃል።


፲፪

መመሪያ (የቀጠለ)

አገዳው ሲረዝም ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። አትደንግጥ፤ አትቁረጠውም። ያስጠላል፣ ታገሠው። ቅጠሉ እየሞተ ነው አበባው የሚያብበው።

ብዙ ውሃ አታጠጣ።

አረም ንቀል።

ቤትህ ውስጥ በሽተኛ ካለ ከአልጋው ደግፈህ አንሣና በመስኮት አሳየው። ደስ ይለዋል ብለህ ታስባለህ።


፲፫

በመጋቢት አበበ።

መካድ ብንችል እንክድ ነበር፤ ግን ያምራል። ቀጥ ያለ ረጅም አገዳ፣ አናቱ ላይ የልጆች ኳስ የሚያህል ድቡልቡል ሐምራዊ አበባ። ቀረብ ብለህ ስታየው ያ ኳስ ብዙ ትናንሽ ኮከብ ነው። ንቡም ከየት እንደመጣ እንጃ ወረሰው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጭጋግ፣ ሌላው ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ ሜዳው ብቻውን አበራ። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ ሲጠየቅ ግን አላየሁም ይላል።

አቶ ልሳነወርቅ ወይዘሮ ሸዋረገድን በጋቢ ጠቅልሎ፣ አቅፎ መስኮቱ ጋ አስቀመጣቸው። ከስተዋል፤ ከባድ አልነበሩም። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ያምራል" አሉ።

ሰውየው ፊቱ በራ። እንዲህ ሆኖ አይተነው አናውቅም፣ ልጅ መሰለ። ላንቺ ነው የተከልኩት ሊል አፉን ከፈተ፤ ውሸት መሆኑን ሳያውቀው አልቀረም፣ መልሶ ዘጋው።

"ልሳኔ" አሉት፣ "አፈር ስሆን፣ ንቀለው።"

"አሁን? ገና ማበቡ እኮ ነው።"

"አሁን ንቀለው። እኔ አልድንም። ሰው በፊት በሬ ገብቶ፣ ደጄ ላይ ተቀምጦ ያልቅስልኝ።"

ምን ቢል ጥሩ ነው? አበባው የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው አላቸው። ከዚያ ይደርቃል፣ የደረቀውም ራሱ መልክ አለው፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ እየቆፈረ ያወጣዋል፣ አሁን ቢነካ ግን ለከርሞ አያብብም። ከአልጋ ተነሥተሽ አብረን እናወጣዋለን አላቸው። ሞትን በአበባ ወቅት ቀጠሮ ሰጠው። እሳቸው ክፉ አልተናገሩትም። ወደ አልጋዬ መልሰኝ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።


፲፬

በማግሥቱ አቶ ጥላዬን አስጠሩ። ባላቸውን አንዴ ውጣልን አሉት። ወጥቶ አረም ሊነቅል ሄደ።

ውስጥ ምን ተባለ? እኛም አንነግርህም። ይህ ጽሑፍ ሰውየውን ተከትሎ የሚሄድ ነውና አብሮት ወጥቶ ሽንኩርት መካከል ተቀምጧል። አቶ ጥላዬ ሲወጡ ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው፣ ሰላም ዋል እንኳ ሳይሉት አለፉ። እሱም የእድር ዳኛ ሥነ ሥርዓት ከየት ያመጣል ብሎ ናቀ።


፲፭

ሞቱ።


፲፮






፲፯

ከላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ያን ጊዜ አቶ ልሳነወርቅ ያደረገውን ለመጻፍ ሞክረን ነበር፤ ስንንቀው የኖርነውን ሰው እዚያ ላይ መናቅ አቃተን።


፲፰

ጠዋት ነው። ሴቶቹ ውስጥ እያለቀሱ ነው። ሐዘንተኛ ተቀምጦ ይለቀስለታል እንጂ አይሠራም፤ እሱ ግን ተነሥቶ ወጣ። የሄደው ሬሳ ፈርቶ ነው ያሉ ነበሩ።

ሽቦውን በእጁ ጎተተው። ምስማሩ መዳፉን ቀደደው። ከዚያ አገዳውን ከሥሩ እየያዘ መንቀል ጀመረ፤ ያበበውን፣ ሊያብብ ያለውን፣ ንብ ያረፈበትን ሳይቀር። የሽንኩርቱ ራስ ከአፈር አልወጣም ሲል በጣቱ ቆፈረው። ጓሮ ወስዶ ጣለው፣ ተመለሰ፣ እንደገና ታቅፎ ሄደ። የቡሄ ችቦ የተሸከመ ይመስል ነበር፣ ቀለሙ ነው እንጂ የተለየው። እጁ ሽንኩርት ሸተተ። አይበላም ሲል የኖረው ለካ እንደማንኛውም ሽንኩርት ነው የሚሸተው።

ሲጨርስ አፈሩን በእግሩ ረገጠ። ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ረገጠው። ሜዳው ሜዳ ሆነ። ድንኳን ብቻ ነው የቀረው። ደጇ ላይ ይለቀስላታል፤ ይህን አሰበ፣ ከንፈሩም ሳይታወቀው ተናገረው።


፲፱

ጥሩምባው ተነፍቷል። የእድሩ ሰዎች ቋሚና ሸራውን ተሸክመው ከታች ብቅ አሉ። አቶ ጥላዬ ከፊት፣ ሽፈራው ከኋላ።

ሜዳው ጋ ደረሱ።

አለፉት።

"እዚህ ነው!" አለ አቶ ልሳነወርቅ። "ነቅዬዋለሁ፣ ባዶ ነው።"

አቶ ጥላዬ ቆሙ። እንጨቱን ከትከሻቸው አላወረዱትም። "አይተናል" አሉ።

"ታዲያ?"

"ቃል አለብን። ያን ቀን ያስጠሩኝ ለዚህ ነበር። 'ደብሪቱ የተለቀሰላት ቦታ አልቅሱልኝ' አሉ። እኔም፣ ምናልባት ቢነቅለውስ አልኳቸው።"

"እሺ?"

"'ይነቅለዋል' አሉኝ። 'ስሞት ይነቅለዋል፣ አውቀዋለሁ። ቢነቅለውም እዚያው።'"

አቶ ልሳነወርቅ የተቀደደ መዳፉን ገልጦ አየው። ሰዎቹ ሊሰድቡት ይችሉ ነበር፤ አፍ አላቸው፣ ምክንያትም አላቸው። ግን ደግ ሆኑ። አንዱ እግዚአብሔር ያጥናዎት አለው፣ ሌላው የተበተነውን ሽቦ ልጅ እንዳይወጋ ብሎ ጠቅልሎ ዳር አስቀመጠለት። እንዲህ ያለ ደግነት ከስድብ ይብሳል፤ ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር።


፳

የበልጉ ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። ቦዩ ሞልቶ ጠርዙን እየላሰ ይወርዳል። ድንኳኑ ቆመ፣ ማለት ዘመም ብሎ ቆመ። ሴቶቹ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ገቡ፤ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው፣ እየተንሸራተቱ፣ እየተደጋገፉ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ከፊት የባለቤቱ ወንበር ባዶውን ነው። ሽፈራው ተንበርክኮ ከወንበሩ ሁለት እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲያደርግ ታየ። ተጫነው፣ ነቀነቀው፣ ሌላ ድንጋይ ጨመረ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሽቅብ መጣ።

አቶ ልሳነወርቅ እዚያው ነው፣ መንደሩን ሁሉ ማስቀመጥ በሚችለው ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ ብቻውን። ካርታው የሱ ነው።

"ጋሼ" አለው ሽፈራው፣ "ይምጡ። እርጥብ ነው፣ ግን ወንበሩን አደላድዬዋለሁ።"


፳፩

አቶ ልሳነወርቅ አንድ እግሩን ከሜዳው አንሥቶ…